የቲም የሚያሳድግ ንግድ፤ ነጋዴ እናቶችና የመሪነት ክህሎት

 



ስለ የቲሞች ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ልጁ ነው። ስለ ደብተሩ፣ ስለ ልብሱ፣ በየወሩ ስለሚደርሰው ድጋፍ እንወያያለን። ይህም ተገቢ ነው። በዚህ ትምህርት ግን ከልጁ ጎን የቆመችውን እናት እንመለከታለን። በአሶሳ ከተማና በአካባቢዋ ባል የሞተባት እናት ብዙ ጊዜ የምትተዳደረው በንግድ ነው። አንዷ በገበያ ለውዝ፣ ሰሊጥና ማንጎ ትሸጣለች። ሌላዋ በመንገድ ዳር ሻይና ቡና ታፈላለች። በመንጌና በኩርሙክ በኩል ደግሞ በወንዝ ዳር ወርቅ እያጠቡ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ እናቶች አሉ።

የእነዚህ እናቶች ሸክም ባለፉት ዓመታት ከብዷል። በ2011 ዓ.ም በካማሺ ዞን፣ ከዚያም በመተከል ዞን በደረሱት ግጭቶች ብዙ ልጆች ወላጆቻቸውን አጥተዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት በኩርሙክ በኩል ድንበር ተሻግረው የመጡ ቤተሰቦች አሉ። እንዲህ ያለች እናት በየዕለቱ ምን ልግዛ፣ ለማን በዱቤ ልስጥ፣ ማንን ልመን፣ ከትርፉ ምን ያህሉን ለቤት ላውጣ እያለች ትወስናለች። ይህ ሁሉ የአመራር ሥራ ነው። መሪነት በቢሮ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ታዲያ የአንዲት ነጋዴ ሴት የመሪነት ክህሎት በምን ይለካል? በትርፏ ብዛት ነው? በሠራተኞቿ ቁጥር ነው? የዚህ ጽሑፍ መልስ አንድ ነው። የንግድ መሪነት የሚለካው በእጁ ሥር የገባውን የደካማ ሰው ሐቅ እንዴት እንደያዘው ነው። ይህንን ለማስረዳት ከእስልምና ታሪክ አንድ ምሳሌ፣ ከገዛ ምድራችን ደግሞ ሌላ ምሳሌ እናነሣለን። ከዚያም ወደ ዕለታዊው ሥራ እንገባለን።

1. የኸዲጃ ንግድ

የምእመናን እናት ኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ (ረ.ዐ) በመካ ከቁረይሽ ነጋዴዎች መካከል በሀብታቸውና በክብራቸው የታወቁ ሴት ነበሩ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከማግባታቸው በፊት ባል የሞተባቸውና ልጆች ያሏቸው እናት ነበሩ። ከቅፍለቱ ጋር ራሳቸው አይጓዙም። ገንዘባቸውን ለሌሎች እየሰጡ በትርፍ ክፍያ ያስነግዱ ነበር። ይህ ውል ሙዳረባ ይባላል። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ዕውቀት ያዋጣል። ትርፉን አስቀድመው በተስማሙት መጠን ይካፈላሉ። ሠራተኛው ሳያጠፋ ኪሳራ ቢደርስ የገንዘቡ ጉዳት በባለ ገንዘቡ ላይ ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ የደከመበትን ያጣል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ቅፍለቱ ወደ ሻም ሲወጣ ለወራት ይርቃል። በመካከል የሚጠየቅበትም ሆነ ወሬው የሚሰማበት መንገድ የለም። የንግዱ ሕይወት የተንጠለጠለው በተላከው ሰው ጠባይ ላይ ነው። ኸዲጃ (ረ.ዐ) የሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኛነትና ታማኝነት በሰሙ ጊዜ ሥራውን አቀረቡላቸው። ለሌሎች ይሰጡ ከነበረው የተሻለ ድርሻም አሰቡላቸው። መይሰራ የተባለውን አገልጋያቸውን አብረው ላኩ። ቅፍለቱ ሲመለስም የንግዱን ውጤት ተመለከቱ፤ የመይሰራንም ምስክርነት ሰሙ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት የመሪነት ክህሎቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው ሰውን ከመቅጠር በፊት ስለ ጠባዩ ማጣራት ነው። ሁለተኛው ለታማኝነት ተገቢውን ዋጋ መክፈል ነው። ታማኝ ሠራተኛ እየፈለጉ ዝቅተኛ ክፍያ ማቅረብ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው። ሦስተኛው ሥራው ሲያልቅ ሒሳቡን ማየትና ምስክር መስማት ነው። ማመን አለመጠየቅ ማለት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ለእኛ ለየቲም ደጋፊዎች የሚሆን ቁም ነገር አለ። ያ የተቀጠሩት ወጣት አባታቸውን ሳይወለዱ፣ እናታቸውን በስድስት ዓመታቸው ያጡ፣ በአያታቸውና በአጎታቸው እጅ ያደጉ የቲም ነበሩ። ባል የሞተባት እናት ንግድ የቲም ሆኖ ላደገ ወጣት የሥራ በር ከፈተ ማለት ነው።

ሌላም ታሪክ አለ። የዐብደላህ ኢብን መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ) በእጅ ሥራቸው የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። ለባላቸውና በጉያቸው ላሉ የቲሞች የሚያወጡት ገንዘብ እንደ ሶደቃ ይቆጠርላቸው እንደሆነ ለማወቅ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደጃፍ ሄዱ። ጥያቄውን ወደ ውስጥ ያደረሰላቸው ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ) ነበር። መልሱም ምንዳቸው እጥፍ መሆኑን፣ አንዱ የዝምድና፣ ሌላው የሶደቃ እንደሆነ የሚያበሥር ሆነ። ሠርታ የቲም የምታሳድግ ሴት በዲናችን ያላት ቦታ ይህ ነው።

2. ከገዛ ምድራችን የሚገኝ ትምህርት

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። የቤኒ ሻንጉል ምድር በወርቁ ምክንያት ከጥንት ጀምሮ የነጋዴና የገዢ ዓይን ያረፈበት ነው። የግብጹ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ወርቅና ባሪያ ፈልጎ በ1820ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ) ጦሩን ወደ ሱዳን አዘመተ። በ1898 (እ.ኤ.አ) ደግሞ የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘመተ። በዚያ ዘመን ከታወቁት የአካባቢው ገዢዎች አንዱ እስከ 1938 (እ.ኤ.አ) የኖሩት ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን ነበሩ። በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው።

የሼህ ሆጀሌ ባለቤት ሲት አምና በንግድ የታወቁ ብርቱ ሴት ነበሩ። በድንበሩ ማዶ በሱዳን በኩል ተቀምጠው፣ ከወዲህ ማዶ ከባለቤታቸው ጋር እየተላላኩ፣ በሁለት መንግሥታት መካከል ንግድ አካሄዱ። ሰው ማሰማራት፣ መንገድ ማወቅ፣ ከባለሥልጣን ጋር መግባባት፣ ዕቃን ከሩቅ ስፍራ አስመጥቶ ለገዢ ማድረስ ያውቁ ነበር። በዛሬ አነጋገር የመሪነት ክህሎት የምንለው ሁሉ ነበራቸው።

ነገር ግን የሚነግዱበት ነገር ሰው ነበር። ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከኮሞና ከማኦ ማኅበረሰቦች የተወሰዱ ሰዎች፣ በተለይም ልጆች፣ በዚህ ድንበር በኩል ይሸጡ ነበር። በ1928 (እ.ኤ.አ) በሱዳን የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር ሲት አምናን አሰረ።

ይህንን የምናነሣው ሙታንን ለመውቀስ ወይም የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳፈር አይደለም። አላህ አንዱን በሌላው ኃጢአት አይጠይቅም። በዚያ ንግድ ውስጥ ብዙ ወንዶችና ብዙ ገዢዎች፣ ከደጋም ከቆላም፣ እጃቸው ነበረበት። የምናነሣው ስለ ትምህርቱ ነው። ያ ንግድ የቲም የሚያደርግ ንግድ ነበር። ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ የተሸጠ ሕፃን ሁሉ ወላጆቹ በሕይወት እያሉ የቲም ሆነ። ድርጅት ማቋቋምና ሰው መምራት ያስቻለው ዕውቀት የደካማውን ሐቅ ካልጠበቀ ውድቀቱን ያፋጥናል እንጂ አያድንም። በሐዲስ እንደተላለፈው አላህ በትንሣኤ ቀን ከሚሟገታቸው ሰዎች መካከል ነፃ ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላና ሠራተኛ አሠርቶ ደመወዙን የከለከለ ይገኙበታል። ሁለቱ በአንድ ሐዲስ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን አስተውሉ።

በኢትዮጵያ ባርነትን ለማስቀረት በ1924 (እ.ኤ.አ) አዋጅ ወጣ፤ በ1942 (እ.ኤ.አ) ደግሞ ፈጽሞ በሕግ ተከለከለ። የሐዲሱ ሁለተኛ ክፍል ግን ዛሬም ይመለከተናል። ከገጠር የመጣች የቲም ዘመድ በሻይ ቤት ከማለዳ እስከ ምሽት ትሠራለች እንበል። «እንደ ልጄ ናት» ይባላል። ነገር ግን የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሷ ሳህን ታጥባለች። ደመወዝም የላትም። የንግዱ ባለቤት እናት ጠንካራ ልትሆን ትችላለች፤ ንግዷም ሊያድግ ይችላል። ነገር ግን መሪነቷ የሚለካው በዚያች ልጅ ነው። ትማር፤ ከሠራችም ደመወዟ ይታወቅና ይሰጣት።

3. ነጋዴ እናት የምትማራቸው አራት ክህሎቶች

ሀ) የማን ገንዘብ እንደሆነ መለየት

አባት ሱቅ ትቶ ሲሞት ብዙ ቤተሰብ ሱቁ የእናትየው ሆነ ብሎ ያስባል። በሸሪዓ ግን እንዲህ አይደለም። የቀብር ወጪ፣ ዕዳና እስከ ሲሶ የሚደርስ ኑዛዜ ከተፈጸመ በኋላ ልጆች ካሉ የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው። የቀረው የልጆችና የሌሎች ወራሾች ነው። እናትየው በንግዱ ውስጥ የራሷ ገንዘብ ካለባት ያ አስቀድሞ ይለያል።

ለምሳሌ ያህል ዕዳ የሌለበት 80,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ቀረ እንበል። የሟቹ ወላጆች በሕይወት የሉም፤ ወራሾቹ ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴቶች ልጆች ናቸው። የሚስት ድርሻ 10,000 ብር ይሆናል። ከቀረው 70,000 ብር ወንዱ 35,000፣ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው 17,500 ብር ያገኛሉ። እናትየው በማግሥቱ ሱቁን ስትከፍት የምትነግደው በአብዛኛው በየቲሞች ገንዘብ ነው። ይህንን አስቀድማ ካወቀች እያንዳንዱ ውሳኔዋ ይለወጣል። ለዘመድ በዱቤ ለመስጠት ስትጠየቅ «ገንዘቡ የልጆች ነው» ብላ መመለስ ትችላለች። ይህ ቃል ጋሻ ነው። የሟች ወንድሞች ሱቁን ሊረከቡ ሲመጡም ያው ሒሳብ ለልጆቹ ይቆማል።

የየቲምን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ ለጥቅሙ ማሠራት አልተከለከለም። አል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 220 ይህንን ይፈቅዳል፤ አበላሺውን ከአልሚው አላህ ለይቶ እንደሚያውቅም ያስጠነቅቃል። ስለዚህ መቀላቀሉ ይቻላል፤ ድርሻው ግን ተጽፎ ይቀመጥ።

ለ) መዝገብ መያዝ

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ዕዳን ስለ መጻፍ የሚናገረው የአል-በቀራ አንቀጽ 282 ነው። ይህ ራሱ ትምህርት ነው። አንዲት እናት በ10,000 ብር መነሻ ካፒታል ለውዝ ትነግዳለች እንበል። ከወጪ ቀሪ በወር 1,200 ብር ታተርፋለች። ቤቷ በወር 1,500 ብር ይፈልጋል። መዝገብ ከሌላት ከመሳቢያው እያወጣች ትኖራለች። በየወሩ 300 ብር ከካፒታሉ ይጎድላል። በአሥር ወር ውስጥ ቢያንስ 3,000 ብር ይጠፋል። ሌባ አልገባም፤ ገበያውም አልከፋም። ንግዱን የበላው ያልተጻፈ ወጪ ነው።

መድኃኒቱ ለራስ ደመወዝ መቁረጥ ነው። በወር 800 ብር ብቻ ለቤት ትወስዳለች፤ 400 ብር በንግዱ ይቀራል። በዓመቱ ካፒታሏ 14,800 ብር ይደርሳል። ታዲያ የቤቱ ጉድለት 700 ብር ከየት ይመጣል? የለጋሾች ወርኃዊ ድጋፍ ሥራው እዚህ ላይ ነው። ድጋፉ የልጁን ሆድ ከመሙላቱም በላይ የእናቱን ካፒታል ከመበላት ይጠብቃል። ማንበብና መጻፍ የማትችል እናት ብትሆን ከልጆቿ ትልቁ ይጻፍላት። እርሱም በዚያው ሒሳብ ይማራል።

ሐ) ሰውን ማስተባበር

በአገራችን የሴቶች የመሪነት ትምህርት ቤት እቁብ ነው። 20 ሴቶች በሳምንት 200 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ ለአንዷ 4,000 ብር ይደርሳታል። ወለድ የለበትም። ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ አለው። እቁብ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ደርሷት የወሰደች ሴት መጣል ስታቆም ነው። ጥሩ የእቁብ ዳኛ ይህንን አስቀድማ ትከላከላለች። ዋስ ሳይቀርብ ገንዘብ አታስረክብም፤ ይሉኝታም አይዛትም። የታመመችውን ወይም ሐዘን ላይ ያለችውን ደግሞ ተራዋን አስቀድማ ልትሰጣት አባላቱን ታማክራለች። ጽናትና ርኅራኄ ሳይጣሉ አብረው የሚሄዱበት ሥራ ይህ ነው።

ይህንን ችሎታ ወደ ንግድ ማሻገር ይቻላል። አምስት ለውዝ ነጋዴዎች ለየብቻ ከመግዛት አብረው ቢገዙ ጭነቱን ይካፈላሉ፤ በዋጋም ለመደራደር ጉልበት ያገኛሉ። ወርቅ የሚያጥቡ እናቶችም ለየብቻ ለመጣ ገዢ ሁሉ ከመሸጥ ሚዛኑንና ዋጋውን በጋራ ቢያጣሩ ይጠቀማሉ።

መ) ተተኪ ማዘጋጀት

አን-ኒሳእ ምዕራፍ አንቀጽ 6 የቲሞች ለአካለ መጠን እስኪደርሱ እንዲፈተኑ፣ ብስለት ሲታይባቸውም ገንዘባቸው በምስክር ፊት እንዲመለስላቸው ያዛል። ሀብታም የሆነ አሳዳጊ ከገንዘባቸው እንዲቆጠብ፣ ድኻ የሆነው ግን በተገቢው መጠን ብቻ እንዲጠቀም ይፈቅዳል። የፊቅህ ሊቃውንት ፈተናውን ሲያብራሩ የነጋዴ ልጅ የሚፈተነው በመግዛትና በመሸጥ ነው ይላሉ።

ይህ ጥበብ ነው። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው በአንድ ቀን ነጋዴ አይሆንም። በ12 ዓመቱ የዕለቱን ሽያጭ ይቁጠር። በ14 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ገበያ ወርዶ ዋጋ ይጠይቅ። በ16 ዓመቱ ትንሽ ገንዘብ ተሰጥቶት በራሱ ይግዛ፤ ቢከስርም በትንሹ ይክሰር። ሴት ልጅም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንጂ በትምህርት ምትክ አይሁን። የእናት መሪነት የሚፈጸመው ሐቃቸውን በምስክር ፊት ቆጥራ ባስረከበች ዕለት ነው።

4. የለጋሾች ድርሻ

ውድ ለጋሾች፤ የቲምን ለሚያሳድግ ሰው በጀነት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እንደ ሁለት ጣቶች መቀራረብ ቃል እንደተገባለት ታውቃላችሁ። ያንን ምንዳ ለማግኘት ከወርኃዊው ድጋፍ ጋር ሦስት ነገሮች ቢታከሉ መልካም ነው።

የመጀመሪያው ሥልጠና ነው። በምዕራብ አፍሪካዊቷ ቶጎ በ1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የተደረገና በ2017 (እ.ኤ.አ) የታተመ ጥናት አለ። ቀድሞ ማቀድን፣ በራስ ተነሣሽነት መሥራትንና በችግር አለመበገርን የተማሩት ነጋዴዎች ትርፋቸው ካልሠለጠኑት በ30 በመቶ ያህል በለጠ። የተለመደውን የሒሳብና የንግድ አያያዝ ሥልጠና ብቻ የወሰዱት ያን ያህል አላገኙም። መዝገብ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ነጋዴዋ ራሷን እንደ መሪ ማየት ስትጀምር መዝገቡም ይሠራል።

ሁለተኛው ከሪባ የጠራ ካፒታል ነው። ወለድን የምትፈራ እናት ለረጅም ጊዜ ከባንክ በር ርቃ ኖራለች። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2011 (እ.ኤ.አ) ከወለድ ነፃ አገልግሎትን ፈቀደ፤ በ2021 (እ.ኤ.አ) ደግሞ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ይሁንና ባንክ ዋስትና ይፈልጋል። ለአነስተኛዋ ነጋዴ ቅርቡ መንገድ ቀርዱል ሐሰን፣ ማለትም ያለ ጭማሪ የሚመለስ ብድር ነው። አንዷ የመለሰችው ለቀጣይዋ ይተላለፋል። ወይም እንደ ኸዲጃ (ረ.ዐ) ሙዳረባ መግባት ይቻላል፤ ለጋሹ ካፒታል፣ እናትየው ሥራ ታዋጣለች፤ የለጋሹን የትርፍ ድርሻም ለየቲሞች ይመልሰዋል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ንግድ በሦስት ወር አይጸናም። ወርኃዊውን ድጋፍ እናትየው ካፒታል በተቀበለች ማግሥት መቁረጥ ካፒታሉን ወደ ድስት መላክ ነው። ትርፉ እያደገ ሲሄድ ድጋፉ ቀስ በቀስ ይቀንስ። ያን ጊዜ ልጁ ለአካለ መጠን ደርሶ ድጋፉ ሲያበቃ ቤቱ አይወድቅም። አላህ ከፈቀደ ደግሞ ዘካ ተቀባይ የነበረችው እናት ኒሷብ ሞልቶላት፣ ዓመት ዞሮባት፣ ከንግዷ 2.5 በመቶ አውጥታ ለሌላ የቲም የምትሰጥበት ቀን ይመጣል።

ለቤተሰብ መወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ካለው የንግድ ገንዘብ የእናት ምን ያህል ነው? የልጆችስ? ተጽፏል?
2. በቤታችሁ ወይም በሱቃችሁ የሚሠራ የዘመድ ልጅ አለ? ትምህርቱና ደመወዙ እንዴት ነው?
3. ከልጆቻችሁ የትኛው ነው የዕለት ሽያጭ መቁጠር የሚችለው? ካልቻለ መቼ ይጀምር?
4. በምትጥሉት እቁብ ውስጥ ያለ ዋስ ገንዘብ የወሰደ ሰው አለ?

አላህ የቲሞቻችንን ይጠብቅልን። እናቶቻቸውን በሐላል ሥራ ያጽናቸው፤ ንግዳቸውንም ይባርክላቸው። በእጃችን የገባውን አማና ሁሉ ሳናጎድል ለባለቤቱ የምናስረክብ ያድርገን። አሚን።